ደጀን ስወጣ የካምቢዮ ዘይት መብራት ይበራብኛል፤ ትልቅ ማቀዝቀዣ ላስገባላት?

የማርቆስ ፒካፕ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ ሊረዝም ይችላል፤ ጎዶሎ ጠይቄ ጎዶሎ መልስ እንዳይመጣብኝ ብዬ ነውና ታገሡኝ።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1994 ቶዮታ ፒካፕ ናት፤ ከአሜሪካ የመጣች፣ ባለ 3 ሊትር ቪ 6 ቤንዚን፣ አራት በአራት፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ። አባቴ በጨረታ ገዝቶ አሥራ አንድ ዓመት ነድቷታል። እሱ ካረፈ ወዲህ እኔ ይዣታለሁ። «አሮጌ አውቶማቲክ ለአባይ በረሃ አይሆንም፤ ሽጠህ ማኑዋል ግዛ» የሚለኝ ብዙ ነው። ልሸጣት አልፈልግም። ሞተሯ ዛሬም በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሳል፣ ሻንሲዋ አልተነካም፣ ዘይት አትበላም። አባቴ ከአማኑኤል እስከ ቢቸና ሙሽራም በሽተኛም ያመላለሰባት መኪና ናት፤ በእኔ እጅ እንድትሞት አልፈልግም።

እሱ የሚነዳት እዚሁ ዙሪያ ነበር። እኔ ግን ካለፈው መስከረም ጀምሮ አዲስ አበባ እመላለስባታለሁ። ስሄድ ጤፍና ማር፣ ስመለስ ለእህቴ ሱቅ ሳሙና፣ የምግብ ዘይትና ደብተር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ስመለስ 9 ኩንታል ያህል ጭኜ ነበር። ጎሐ ጽዮን ላይ ትንሽ አረፍሁ፣ በፍልቅልቅ በኩል በ2 ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድሁ፣ ድልድዩን ተሻገርሁ። ሰዓቱ ወደ ስምንት ተኩል ነበር። በዚያ ሰዓት የበረሃውን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ሲከፈት የሚገባው አየር ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ኩራርን ካለፍሁ በኋላ ከባድ ተሳቢ ከፊቴ ገባ። መቅደም አይቻልም። በ15፣ በ20 እየተጎተትሁ ተከተልሁት። ጠመዝማዛው ላይ ሞተሯ ትጮኻለች፣ መኪናዋ ግን እንደ ድምፁ አትሄድም። በዚህ መሐል ዳሽቦርዱ ላይ «ኤ/ቲ ኦይል ቴምፕ» (የካምቢዮ ዘይት ሙቀት) የሚል፣ በርቶ አይቼው የማላውቅ መብራት በራ። የሞተሩ ሙቀት መርፌ መሐል ላይ ነው፤ ንቅንቅ አላለም።

ጥግ ይዤ ቆምሁና ወዲያው ሞተር አጠፋሁ። ኮፈኑን ስከፍት ምጣድ ላይ የተረሳ ሽንብራ የመሰለ የማረር ሽታ ወጣ። አርባ ደቂቃ ጠብቄ ተነሣሁ። ደጀን ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ እንደገና በራ፤ እንደገና ቆምሁ። ማርቆስ የገባሁት መሽቶ ነው።

በማግሥቱ የካምቢዮውን ዘይት በመለኪያው ዘንግ አውጥቼ ከልጄ ደብተር በቀደድሁት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግሁት። ቀይ መሆኑ ቀርቶ የወፈረ ሻይ መስሏል፤ ጠብታው ሲደርቅ ዙሪያው ላይ ጥቁር ቀለበት ተወ። ማርሽ ስትቀይር ግን እስካሁን አትንሸራተትም፣ አትመታም።

እስካሁን ያደረግሁት ይህ ነው፦ ኮፓውን (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) አስወርጄ ዘይት አስቀየርሁ፣ ማጣሪያውን አጸዳሁ። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን የኤር ኮንዲሽን ማቀዝቀዣ አጠብሁ፤ አቧራና የጤፍ ገለባ ሞልቶት ነበር። ቬንትሌተሩ ይሠራል። ራዲያተሩም ባለፈው ነሐሴ ስለሚያፈስ ታችኛው ታንክ ተቀይሮለት ተበይዷል፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ ውሃ አያንጠባጥብም።

አሁን ለካምቢዮው ዘይት ለብቻው ትልቅ ማቀዝቀዣ ልግጠምላት ብዬ ወስኛለሁ። ምን ዓይነት? ምን ያህል? የት ይታሰር? በራዲያተሩ በኩል ይለፍ ወይስ ራዲያተሩን ትቶ በቀጥታ? አንድ ወዳጄ «የአሮጌ መኪና ኤር ኮንዲሽን ማቀዝቀዣ አምጥተህ እሰርላት፣ እሱው ይበቃል» ብሎኛል። ልብ ያለው ይምከረኝ።

ደጀን መውጫ

ወንድምዓለም፣ እኔ የኤፍ ኤስ አር ጭነት መኪና ነጂ ነኝ፤ ካምቢዮዬም ማኑዋል ነው። ስለ አውቶማቲክ ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ ከዚህ በፊት አውቶማቲክ ለሚነዳ አለቃዬ ስሠራ በዚያው ዳገት ላይ የተማርሁት ነው።

ያ መብራት ሲበራ ሞተር አታጥፋ። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ የትም አይሄድም፤ የጋለው ብረት ላይ ተኝቶ ይቀቀላል። ጥግ ያዝ፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ከኋላ ጎማ ድንጋይ አድርግ፣ ማርሹን ፒ ላይ አስገባና ሞተሩን በዝግታ እንዲዞር ተወው። መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቅ። የሞተሩ መርፌ ወደ ቀዩ ከሄደ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያን ጊዜ ታጠፋለህ።

ስትወጣም ዲ ላይ አትተዋት። ከድልድዩ ጀምረህ 2 ላይ አድርጋትና ራሷ እየቀያየረች አትታመስ። ከተቻለህ ደግሞ ዳገቱን በስምንት ሰዓት አትጀምረው። እኔ ጎሐ ጽዮን አድሬ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው የምወርደው። በዚያ ሰዓት ተሳቢው ጥቂት ነው፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው።

ጋሽ ካምቢዮ (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል። ከጻፍኸው ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን አንድ ነገር ነው፤ «ታችኛው ታንክ ተቀይሮለት ተበይዷል» ያልኸው።

ያንተ መኪና የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ አላት። የት ነው ያለው? ራዲያተሩ ታችኛው ታንክ ውስጥ። ከውጭ አይታይም። ካምቢዮው የጋለውን ዘይት በአንድ የብረት ቧንቧ ወደ ፊት ይልካል፤ ታንኩ ውስጥ በተቀበረው ቱቦ ያልፋል፤ ዙሪያውን ያለው የራዲያተር ውሃ ሙቀቱን ይቀበለዋል፤ በሌላው ቧንቧ ይመለሳል። የማኑዋል መኪና ራዲያተር ይህ ነገር የለውም። ቀሪው አንድ ነው፤ ስፋቱም ማሰሪያውም። ራዲያተር የሚበይድ ሰው የአውቶማቲክ ታንክ ሲያጣ የማኑዋሉን ቆርጦ ቢበይድበት ውሃ አያፈስም፣ ሞተሩም አይሞቅም፣ ባለቤቱም አያውቅም። ሁለቱን የዘይት ቧንቧዎች ምን ያደርጋቸዋል? ጫፍ ለጫፍ በአንድ ቁራጭ ጎማ ያገናኛቸዋል። ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ ዞሮ ይገባል። በእጄ ሁለት እንዲህ ያሉ መኪናዎች ገብተው አይቻለሁ፤ አንዱ ካምቢዮው ካለቀ በኋላ ነው የመጣው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት መኪናዋ በቀዘቀዘችበት ሰዓት ከሥሯ ተኝተህ ከካምቢዮው የሚነሡትን ሁለት ቧንቧዎች በእጅህ እየዳሰስህ እስከ ራዲያተሩ ተከተላቸው። ታንኩ ውስጥ ይገባሉ ወይስ አይገቡም? ያየኸውን ጻፍልኝ።

እስከዚያው ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ልንገርህ። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያያይዘው ቶርክ ኮንቨርተር ነው። በማኑዋል ላይ ፍሪሲዮን ሸራ ሲይዝ ብረት ከብረት ጋር አንድ ይሆናል። ኮንቨርተር ግን በዘይት ነው የሚገፋው፤ አንዱ ጎን ዘይቱን ይመታል፣ ሌላው ይቀበላል። በመሐል የሚጠፋው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ይሆናል። እናቶቻችን ወተት ሲንጡ ቅሉ ለብ እያለ እንደሚመጣው ነው። ሜዳ ላይ በ70 እና በ80 ስትሄድ ኮንቨርተሩ ራሱን ይቆልፋል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። በ15 እና በ20 ከተሳቢ ኋላ ስትጎተት ግን አይቆለፍም። «ሞተሯ ትጮኻለች፣ መኪናዋ እንደ ድምፁ አትሄድም» ያልኸው እሱው ነው። ልዩነቱን በሙሉ ዘይቱ እየጠጣው ነበር።

በዚያ ላይ ቦታው። ከድልድዩ እስከ ደጀን በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ወደ 1,400 ሜትር ትወጣለህ። ታች ስትሆን አየሩ ይፋጃል፤ ላይ ስትደርስ ይቀዘቅዛል፣ ግን ይሳሳል። የሳሳ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ማርቆስ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ለዚህ ነው የራዲያተር ክዳን ላስቲኩ ሲያልቅ በደጋ አገር ቶሎ ጉድ የሚያመጣው። ክዳንህንም እይ።

የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሲሠራ ዕድሜው ረጅም ነው። 120 ካለፈ ማረር ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብለህ ያዘው። ያ ያየኸው መብራት የሚበራው ወደ 150 ሲጠጋ ነው። አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መብራት አይደለም፤ ጉዳት እየደረሰ መሆኑን የሚናገር ነው። እስክትፈትሸው ድረስ ጭነት ይዘህ አትውጣ።

የማርቆስ ፒካፕ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ ከሥሯ ገባሁ። ሁለቱ ቧንቧዎች ከካምቢዮው ተነሥተው በቀኝ በኩል በሞተሩ ሥር ያልፋሉ። እየዳሰስሁ ሄድሁ። ከራዲያተሩ አንድ ክንድ ሲቀር ቀጭኑ ብረት አለቀና እጄ ጎማ ነካ። በባትሪ አየሁት። አንድ ስንዝር የማይሞላ ጥቁር ጎማ ነው፤ እንደ ፈረስ ጫማ ታጥፎ ሁለቱን ቧንቧ አገናኝቷል። በላዩ ላይ ጭቃና ዘይት ተጋግሯል። ጎማው ከጋለ ዘይት ብዛት ደንድኖ እንደ ቀንድ ሆኗል፤ በጥፍሬ ስጫነው አይሰረጉድም። ታንኩ ላይ ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ ጭራሽ የለም።

እርስዎ ባሕር ዳር ተቀምጠው ያዩትን እኔ ከላዩ ተቀምጬ ስምንት ወር ነዳሁበት። ታንኩን የበየደውን ሰው ስም አላነሣም። ውሃ እንዳይፈስ ነበር የከፈልሁት፣ ውሃው አልፈሰሰም። ግን አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ! «የአውቶማቲክ ታንክ አጣሁ፤ ይህ ዘይቱን አያቀዘቅዝም» ቢለኝ ሌላ እፈልግ ነበር። ይህን የምጽፈው ሌላው ወንድሜ እንዲጠይቅ ነው። አውቶማቲክ ያላችሁ ራዲያተር አሠርታችሁ ስትረከቡ ጎንበስ ብላችሁ ሁለቱን ቧንቧ እዩ።

አሁን ጥያቄዬ ተቀየረ። የአውቶማቲክ ራዲያተር ልፈልግ ወይስ ይህን እንዳለ ትቼ ትልቅ ማቀዝቀዣ ብቻ ልግጠም?

የቢቸናው

እኔ ራዲያተሩን ተወው ባይ ነኝ። ታንክ ውስጥ ያለው ቱቦ አንድ ቀን ይበሳል። ያን ጊዜ ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል፣ ዘይትም ራዲያተር ውስጥ። የአጎቴ መኪና እንዲህ ሆኖ ዘይቱ ሮዝ ቀለም ያለው እርጎ መስሎ ወጣ፤ በሳምንቱ ማርሽ መያዝ አቆመ። ትልቅ ማቀዝቀዣ ፊት ለፊት እሰር፣ ነፋስ ያቀዝቅዘው። ከውሃ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሽ ካምቢዮ (ባሕር ዳር)

የቢቸናው፣ የአጎትህ መኪና ላይ የደረሰው እውነት ነው። ውሃ የካምቢዮ ሸራዎችን ሙጫ ያላቅቃል፤ ዘይት በመቀየር አይመለስም። ግን ቱቦው ለምን ተበሳ? ዓመት ሙሉ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየተሞላ ዝገት በላው። ትክክለኛ የራዲያተር ፈሳሽ በግማሽ ውሃ ቀላቅሎ በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ሰው ይህ አይገጥመውም ማለት ይቻላል።

ነፋስ ያቀዝቅዘው ላልኸው፣ ነፋሱ የት አለ? እሱ የተቸገረው በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በተሳቢ ጭስ ውስጥ ሲሄድ ነው። በዚያ ሰዓት ያለው አየር ቬንትሌተሩ የሚስበው ብቻ ነው። ውሃ ግን ሁልጊዜ ይዞራል፤ ሙቀትም ከአየር ይልቅ በደንብ ይቀበላል። ሌላም አለ። ማርቆስ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ብርዱ ከባድ ነው፤ በራዲያተሩ የሚያልፍ ዘይት ውሃው ሲሞቅ አብሮ ይሞቃል፣ ማርሹም ለስላሳ ይሆናል።

ስለዚህ ልጄ፣ ሁለቱንም አድርግ። መጀመሪያ ማቀዝቀዣ ያለው የአውቶማቲክ ራዲያተር። ከዚያ ተጨማሪውን ከራዲያተሩ ቀጥሎ ግጠም። ከካምቢዮ የወጣው የጋለ ዘይት መጀመሪያ ራዲያተር ይገባል፣ ከራዲያተር ወደ ተጨማሪው፣ ከዚያ ወደ ካምቢዮ ይመለሳል። ቅደም ተከተሉን ብትገለብጠው ነፋስ ያቀዘቀዘውን ዘይት መልሰህ 90 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ትከተዋለህ። የትኛው ቧንቧ መውጫ እንደሆነ ለማወቅ በቀዝቃዛ ሞተር አስነሣና ወዲያው ሁለቱን ዳስስ፤ ቀድሞ የሚሞቀው መውጫው ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ ሁለት ነገር ገበያ ላይ ታገኛለህ። አንዱ አንድ ቱቦ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄድበት፣ በቅጠል ብረት የተሸፈነ ነው። ሌላው ቀጫጭን ጠፍጣፋ ሳጥኖች የተደራረቡበት ነው፤ እኛ ባለ ፕሌት እንለዋለን። በእኩል ስፋት ባለ ፕሌቱ በጣም ይበልጣል። ኤር ኮንዲሽን ማቀዝቀዣ እሰር ያለህን ወዳጅህን አትስማ። ለጋዝ የተሠራ ነው፤ መተላለፊያዎቹ ጠባብ ናቸው፣ የዘይቱን ፍሰት ያንቃሉ። ማነቅ ደግሞ ካለማቀዝቀዝ አይሻልም።

ጎማው ላይ አትቆጥብ። የውሃ ጎማ አይሆንም፤ በዘይት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ለካምቢዮ ዘይት የተሠራ፣ ውስጡ 10 ሚሊ የሆነ ግዛ። የብረት ቧንቧውን ስትቆርጥ ጫፉ ላይ ትንሽ ጠርዝ እንዲወጣ አስደርግ፤ ልሙጥ ብረት ላይ ጎማ ቢታሰርም ግፊት ሲመጣ ይሸሻል። ጎማውን ስታጥፈው እንዳይሰበር ክቡን ሰፊ አድርግ፣ ከጭስ ማውጫውም አርቀው። አንዳንዱ ማቀዝቀዣውን በፕላስቲክ ማሰሪያ በራዲያተሩ ቅጠሎች መሐል አሳልፎ ያስራል፤ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር እየፈገፈገ ራዲያተሩን ይበሳዋል። የብረት እግር ሠርተህ ከሻንሲው ጋር በብሎን እሰረው፣ ከኤር ኮንዲሽኑ ፊት አንድ ጣት ያህል ክፍተት ተውለት። አፎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁኑ፤ ወደ ታች ከሆኑ አየር ይዞ ይቀራል።

ሶማሌ ተራ ያለች የፍኖተ ሰላም ልጅ

ወንድሜ፣ ከዕቃው ወገን እኔ ልጨምር። አሥር ዓመት ያገለገለ መለዋወጫ ሸጫለሁ።

ማቀዝቀዣውን አዲስ ግዛ። ያገለገለ የሚሸጥልህ ብዙ ነው፤ እኔም ጋ ይመጣል፤ ግን ያ ዕቃ ከየት ተፈታ? አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮው ከሞተ መኪና ነው። ካምቢዮ ሲሞት የሸራውና የብረቱ ዱቄት ሁሉ ተጠራቅሞ የሚቀረው ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው። ባለ ፕሌት ከሆነ ደግሞ ሽፋኖቹ መሐል ይሸጎጥና በምንም አይታጠብም። የሞተውን በሽታ ወደ ጤነኛው ታዛውራለህ ማለት ነው።

አንድ ደንበኛ ግድ ያገለገለ ካለኝ እንዲህ አድርጌ አሳየዋለሁ። በአንዱ አፍ አንድ ብርጭቆ ቤንዚን እጨምራለሁ፣ አገላብጬ እነቀንቀዋለሁ፣ በሌላው አፍ ነጭ ጨርቅ ላይ አፈሰዋለሁ። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ሲያዘነብለው አመድ መሐል እንደ ብር ቅንጣት የሚያብለጨልጭ ነገር ካየ ራሱ ይተወዋል።

ራዲያተሩን ግን ያገለገለም ቢሆን የአውቶማቲክ ካገኘህ ችግር የለውም፤ ታንኩ ውስጥ ያለው ቱቦ ሰፊ ስለሆነ ይታጠባል። ሁለቱን የዘይት አፎች ዓይተህ፣ በአየር አስፈትነህ ውሰድ። አንዱን አፍ ደፍኖ በሌላው አየር እየነፉ ታንኩን ውሃ ሞልቶ ማየት ነው፤ አረፋ ካልወጣ ደህና ነው። ስትመጣ ያንተን ራዲያተር ስፋትና የጎማ አፎቹን ፎቶ አንሥተህ ና። የአራት ሲሊንደሩ ከቪ 6ቱ ጋር አንድ አይደለም፤ ሰዎች በዚህ ይመላለሳሉ።

ደጀን መውጫ

እህቴ ያለችው ልክ ነው። ስለ ጭነቱም አንድ ቃል፣ ወንድምዓለም። የአሜሪካ መኪና ስለሆነች የነጂው በር ምሰሶ ላይ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። አንብበው። 9 ኩንታል፣ አንተ፣ ረዳትህና ነዳጁ ሲደመር ያልፋታል ብዬ እፈራለሁ። ሁለት ኩንታል ቀንስላት።

የማርቆስ ፒካፕ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንድ ወር አለፈ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄጄ ከእህታችን ዘንድ የአውቶማቲክ ራዲያተር አገኘሁ፤ በአየር ፈትና ነው የሰጠችኝ። ማቀዝቀዣውን አዲስ ባለ ፕሌት ገዛሁ፤ ከጎማውና ከሙቀት ማሳያ ጋር። ማርቆስ ላይ አንድ ወጣት መካኒክ ጋር ሁለት ቀን ሠራን። እኔም አብሬ ተኝቼ ነው የሠራሁት።

ዘይቱን ጋሼ በስልክ እንደነገሩኝ ነው የቀየርነው። ኮፓው ብቻ ሲራገፍ ግማሹ እንኳ አይወጣም፤ ቀሪው ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው። የመመለሻውን ጎማ ፈትተን የአሮጌ ዘይት ጄሪካን ውስጥ ከተትነው። ሞተሩን አስነሥቶ አንድ ሊትር ያህል ሲወጣ ማጥፋት፣ ያንኑ ያህል አዲስ መጨመር፣ እንደገና። መጀመሪያ የወጣው ጥቁር ቡና ነበር። ወደ ስድስተኛው ሊትር ላይ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፤ መጨረሻ ላይ የገባውንና የወጣውን መለየት አልቻልንም። ያኔ ጎማውን መለስነው። ቀዝቃዛ እያለ አልለካንም። አሙቀን፣ ፍሬን ይዘን በሁሉም ማርሽ አሳልፈን፣ ፒ ላይ ሞተሩ እየዞረ ዘንጉን አየን። ተጨማሪው ማቀዝቀዣ ግማሽ ሊትር ያህል ጠጣ።

የሙቀት ማሳያውን ከካምቢዮው መውጫ ላይ ነው የተከልነው፤ ከሁሉ የሚግለው እሱ ስለሆነ። የበሩንም ጽሑፍ አነበብሁ። ደጀን መውጫ ልክ ነበር። አሁን 6 ኩንታል ነው የምጭነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስመለስ ጎሐ ጽዮን አድሬ ንጋት ላይ ወረድሁ። ድልድዩ ላይ 84 ዲግሪ ይላል። 2 ላይ አድርጌ ጀመርሁ። ኩራር አካባቢ 93። ከዚያ በላይ ሁለት ከባድ መኪና ተከታትለው ገጠሙኝና ከኋላቸው ገባሁ፤ ዓይኔ ከቁጥሩ አልተነሣም። 97፣ 99፣ 102። ጠመዝማዛው መጨረሻ ላይ 106 ደረሰ። መብራቱ አልበራም፣ ሽታም የለም። ደጀን ላይ ጥግ ይዤ ሞተሩን ሳላጠፋ ፒ ላይ ተውኋት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ 91 ገባች። እዚያው ዘንጉን አውጥቼ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግሁ፤ ቀይ ነው። ወረቀቱን ቀን ጽፌበት አባቴ ሊብሬዋን ያስቀምጥበት በነበረው የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከተትሁት። ከየጉዞው በኋላ አንድ አንድ እጨምራለሁ፤ ቀለሙ ሲቀየር ጎን ለጎን ላየው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል ጋሼ። ከማቀዝቀዣው በሚመለሰው ጎማ ማሰሪያው ላይ ላብ የመሰለ እርጥበት አለ። አይንጠባጠብም፤ በጣቴ ስነካው ግን ቀላ ይላል። ይፈታና ይታይ ወይስ ማጥበቅ ይበቃል?

ጋሽ ካምቢዮ (ባሕር ዳር)

106 ለዚያ ዳገት መልካም ነው ልጄ። አዲስ ጎማ በሙቀት ሲለሰልስ ከማሰሪያው ሥር ትንሽ ይጨመቃል፣ ማሰሪያው ይላላል፤ ለዚያ ነው የሚያልበው። ስትቀዘቅዝ ሩብ ዙር ብቻ አጥብቀው፣ ጎማው እስኪቆረጥ አትጭነው። በጨርቅ ጠርገህ ማርቆስ–ሉማሜ ደርሰህ ተመለስና እንደገና ዳስሰው። አሁንም ካለበ ጎማው የቧንቧውን ጠርዝ ሙሉ በሙሉ አላለፈም ማለት ነው፤ ፈትተህ ግፋውና ማሰሪያውን ከጠርዙ ወዲያ እሰረው።

የማርቆስ ፒካፕ

እሺ ጋሼ። ነገ ጠዋት ሳትሞቅ አጠብቀዋለሁ።